አንዲት ቮልስ፣ ሦስት ዓመት፦ ብረት ላይ የተመታ ቀን እንዴት ይነበባል?

መኪናዋ አንድ ናት፤ ዓመቷ ግን ሦስት። ሊብሬው 1967 ይላል። መኪናዋን የሚሸጡት፣ ባለቤታቸው ያረፉባቸው እናት «በ60 ነው አዲሷን የገዛት» ይላሉ። ፍራንክፈርት የሚኖረው ገዢ ደግሞ ፎቶዋን ለአንድ ቮልስ ለሚያውቅ ጀርመናዊ አሳይቶ «ይቺማ 68 ናት» ተብሏል። ደላላው መሐል ቆሞ «ኦርጅናል ናት አልኳችሁ፣ ምን ያጨቃጭቃችኋል!» ይላል።

ገዢው የሀገር ልጅ ነው። ወላጅ እናቱ ግቢ የምትቆም፣ ለእረፍት ሲመጣ አዲስ አበባ ውስጥ የሚነዳት ቮልስ ፈልጓል። የተጠራው ዋጋ ግን የተራ ቮልስ ዋጋ አልነበረም። «ሁሉ ነገሯ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው» ተብሎ የተቆለለ ነው። ሦስት ዓመት ሲሰማ ጠረጠረ። ከሦስቱ አንዱ እየዋሸኝ ነው ብሎ ደመደመ። እኔ ቮልስ ስነካካ የኖርኩ ስለሆንኩ «ሄደህ እይልኝ፣ ማን እንደሚዋሽ ንገረኝ» አለኝ።

እንዲህ ያለውን ክርክር ሰው ጠይቆ መፍታት አይቻልም። ብረቱን መጠየቅ ነው። በዚያ ዘመን የጀርመን ዕቃ አምራቾች ቸርኬው ላይ፣ ኮንታ ኪሎሜትሩ ጀርባ ላይ፣ ክላክሱ ላይ የተሠራበትን ወርና ዓመት ይመቱ ነበር። ለኛ ለአሮጌ መኪና ወዳጆች አስበው አይደለም። ዕቃው ተበላሽቶ ሲመለስ የመቼ ምርት እንደሆነ ለማወቅ ነው። እኛ ከስንት ዓመት በኋላ ለሌላ ሥራ እንጠቀምበታለን።

ከቀኖቹ በፊት ግን የዘመን አቆጣጠሩን ጣጣ እናውጣ። 1967 እና ቮልስ አንድ ላይ ሲነሱ የኛ ሰው ሌላ ነገር ነው ትዝ የሚለው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነው። ያ 1967 በፈረንጅ 1974 ነው። ሊብሬው ላይ ያለው 1967 የኛ አቆጣጠር ከሆነ መኪናዋ የ1974 ወይም የ75 ምርት ልትሆን ነው። የፈረንጅ ከሆነ ደግሞ በሰባት ዓመት ትቀድማለች። ሊብሬው የትኛው እንደሆነ አይልም። ገዢውን ያስፈራው ዋናው ነገር ይሄ ነበር።

መልሱ ያለው ሻንሲው ላይ ነው። ቮልስ ላይ የሻንሲ ቁጥር ሁለት ቦታ ይገኛል። የፊቱ ኮፈን ሲከፈት ከተቀያሪው ጎማ ጀርባ አንዲት ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለች። እሷን ብዙ አላምናትም፤ ተነቅላ ሌላ መኪና ላይ ልትመታ ትችላለች። ዋናው የኋላው ወንበር ሲነሳ መሐል ለመሐል በሚያልፈው የሻንሲው አጥንት ላይ በቀጥታ የተመታው ነው። ሁለቱን አመሳከርኩ። አንድ ናቸው። ቁጥሩ በ118 ይጀምራል።

ከ1965 ሞዴል ጀምሮ የቮልስዋገን ሻንሲ ቁጥር አነባበቡ ቀላል ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች፣ 11፣ ቢትል (እኛ ቮልስ የምንላት) መሆኗን ይናገራሉ። ሦስተኛው የሞዴል ዓመቱ የመጨረሻ አሃዝ ነው። 5 ከሆነ 65፣ 8 ከሆነ 68። ስለዚህ 118 ማለት የ68 ሞዴል ቢትል ነው። የ1974ቱ ስጋት እዚህ ላይ አከተመ። ጀርመናዊውም ልክ ነበር።

ታዲያ ሊብሬው ዋሸ? አልዋሸም። ቮልስዋገን አዲሱን ሞዴል የሚጀምረው ጃንዋሪ ላይ አልነበረም። ፋብሪካው ከበጋ ዕረፍት ሲመለስ፣ ኦገስት 1 ነው። የ68 ሞዴል ሥራ የጀመረው ኦገስት 1 ቀን 1967 ነው፤ በኛ ሐምሌ 25 ቀን 1959። ከዚያ ቀን እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ከመስመሩ የወጣች ቮልስ የተሠራችበት ዓመት 67፣ ሞዴሏ ግን 68 ነው። የቮልስዋገን አዲስ ዓመት ከእንቁጣጣሽ በስድስት ሳምንት ያህል ይቀድማል በሉት።

ከ118 በኋላ ያለው ቁጥር ሁለት መቶ ሺህ ቤት ውስጥ ነው። የዚያ ሞዴል ተራ ቁጥር 1967 ሳያልቅ ከአራት መቶ ሺህ አልፎ ነበር። እንግዲህ መኪናዋ የዓመቱ መጨረሻ ወራት ልጅ ናት፤ ኦክቶበር ወይም ኖቬምበር አካባቢ። አካሏም ይመሰክራል። የፊት መብራቶቿ እንደ ድሮዎቹ ወደ ኋላ ያልተጋደሙ፣ ቀጥ ብለው የቆሙ ናቸው። ቤንዚን የሚሞላው ኮፈን ተከፍቶ ሳይሆን ከውጭ ነው። የነዳጅ መለኪያው ለብቻው አልተቀመጠም፤ ኮንታ ኪሎሜትሩ ውስጥ ገብቷል። መብራቷ 12 ቮልት ነው። እነዚህ ሁሉ ባለ 1300 ሲሲ ሞተሯ ቢትል ላይ የመጡት በዚያው በኦገስት 1967 ለውጥ ነው።

የእናትየው «60»ስ? እሳቸውማ ደረሰኙን ይዘውታል። የካቲት 1960 ዓ.ም.። በፈረንጅ ፌብሩዋሪ ወይም የማርች መጀመሪያ 1968 ማለት ነው። ሦስቱም ልክ ናቸው። አንዱ የተሠራችበትን፣ አንዱ ሞዴሏን፣ አንዱ የተገዛችበትን ነው የሚናገረው። ለገዢው ይህን ስነግረው ዝም አለ። ከዚያ «እሺ፣ ከኦክቶበር እስከ ፌብሩዋሪ የት ነበረች?» አለኝ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን ሙሉ በሙሉ የሚያውቅ የለም። አንድ ነገር ግን አስታወስኩት። የሱዌዝ ቦይ ከጁን 1967ቱ ጦርነት ጀምሮ እስከ ጁን 1975 ዝግ ነበር። ከጀርመን ወደብ ተነስቶ ወደ ቀይ ባሕር የሚመጣ መርከብ አፍሪካን በደቡብ ጫፏ መዞር ነበረበት። በዚያ ላይ የወደብ፣ የጉምሩክ፣ የሻጩ መጋዘን ጊዜ ሲጨመር አራት ወር የሚያስገርም አይደለም። የሚያስገርመኝ ሁለት ሳምንት ቢሆን ነበር።

ዓመቱ ተፈታ። «ኦርጅናል ናት» የሚለው ግን ገና ነው፤ ዋጋውም የተሰቀለው በዚህ ቃል ላይ ነው።

አንድ ሕግ አለ፤ ሌላው ሁሉ ከሱ ይወጣል። ዕቃው ከመኪናው በፊት መወለድ አለበት። ኦክቶበር ላይ በተሠራች መኪና ላይ የዲሴምበር ቸርኬ ካለ ያ ቸርኬ ከፋብሪካ አብሯት አልወጣም። ምንም ማስረጃ አይመልሰውም። በሌላ በኩል ዕቃው በጣምም መቅደም የለበትም። ቮልስዋገን ያኔ በቀን በሺዎች ነበር የሚያመርተው። ቸርኬ መጋዘን ተደርድሮ ዓመት አይቆይም። ከጥቂት ሳምንት እስከ ጥቂት ወር የሚቀድም ቀን ጤነኛ ነው። በዓመት የሚቀድም ካገኘሁ ከሌላ መኪና የመጣ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ግን ልብ በሉ። ቀኑ ልክ መሆኑ ዕቃው የዚያች መኪና መሆኑን አያረጋግጥም። በዚያው ሳምንት ከተሠራች ሌላ ቮልስ ላይም ሊመጣ ይችላል። የተመታ ቀን ጎበዝ የሚሆነው ውሸትን በመጣል ነው፤ እውነትን በመማል አይደለም። ይህን ለገዢው ደጋግሜ ነገርኩት። እሱ ማኅተም ነበር የፈለገው።

ቸርኬዎቹ ላይ ጊዜ ወስጃለሁ። የቢትል ቸርኬዎች ላይ የአምራቹ ምልክት፣ ልኩ፣ ወሩና ዓመቱ ተመትተው ይገኛሉ። ችግሩ ከስንት ዙር ቀለም በታች ናቸው። ብዙ መካኒክ እዚህ ላይ የሽቦ ብሩሽ ወይም ብርጭቆ ወረቀት ያነሳል። እባካችሁ ተዉት። ቁጥሩ ጥልቀት የለውም፤ አብሮ ይፋቃል። እኔ የምጠቀመው ነጭ ጋዝ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽና ጨርቅ ነው። ከዚያ የስልክ መብራት ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ይያዛል። ጥላው ቁጥሩን ያወጣዋል። አሁንም እንቢ ካለ ስስ ወረቀት ተደርጎበት እርሳስ በጎኑ ይታሻል። ልጅ ሆነን ሳንቲም እንደምናትመው ማለት ነው።

ሌላው አደጋ 6 እና 9 ናቸው። ቸርኬ ክብ ነው፤ ላይና ታች የለውም። ደላላው ቀድሞ ለገዢው በላከለት ፎቶ ላይ አንዱ ቸርኬ ተገልብጦ ነበር የተነሳው፤ ገዢው 9ኙን 6 ብሎ አንብቦ ሌሊቱን ሲበሳጭ አድሯል። መፍትሔው የአምራቹን ስም መጀመሪያ ማንበብ ነው። ስሙ ቀጥ ሲል ቁጥሩም ቀጥ ይላል።

መኪናዋ በክሪክ ተነስታ አምስቱም ተፈተሹ፤ ተቀያሪውን ጨምሮ። አራቱ ሌመርዝ የተባለው የጀርመን ቸርኬ አምራች ሥራ ናቸው፤ 9 67 ይላሉ። ሴፕቴምበር 1967። ለኦክቶበር መኪና ከዚህ የተሻለ አይጠበቅም። አምስተኛው፣ የቀኝ የኋላው፣ ክሮንፕሪንዝ የተባለ የሌላ አምራች ነው። 2 72 ይላል። ፌብሩዋሪ 1972። (ወሩ ለቮልስ ታሪካዊ ነው። ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1972 15,007,034ኛዋ ቢትል ወጥታ የፎርድ ሞዴል ቲን የምርት ብዛት ሪከርድ የሰበረችበት ነው።)

እናትየውን ጠየቅኋቸው። «እትዬ፣ የቀኙ የኋላ ጎማ ተቀይሮ ያውቃል?»

«እንዴ፣ አስታውሳለሁ እንጂ! ደብረ ዘይት መንገድ ላይ ጉድጓድ ገብቶ ብረቱ ተጣመመ። በደርግ ጊዜ ነው። ልጆቹ ኋላ ተቀምጠው ነበር።»

ቸርኬው የተሠራው በኛ 1964 ነው፤ ጃንሆይ ገና ዙፋን ላይ ናቸው። የገባው ግን በደርግ ጊዜ። ይህ ነጥብ ብዙ ሰው ያሳስታል። የተመታው ቀን ዕቃው መቼ ተሠራ ይላል እንጂ መቼ ገባ አይልም። ያገለገለ ዕቃ በሚዞርበት ሀገር፣ ሶማሌ ተራ ከአንዱ ወልቆ ለሌላው በሚሸጥበት ከተማ፣ በሁለቱ መሐል አሥርና ሃያ ዓመት ሊኖር ይችላል።

ኮንታ ኪሎሜትሩን ለማየት ከኮፈኑ በኩል ከዳሽቦርዱ ጀርባ መግባት ነው። ቪዲኦ (VDO) የተባለው የጀርመን ኩባንያ ሥራ ነው። ጀርባው ላይ 8 67። ጤነኛ። ፊቱ ላይ አርባ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ይላል፤ ደላላው «ብዙ አልተነዳችም» ያለው እሱን አይቶ ነው። የዚያ ዘመን ቢትል አምስት አሃዝ ብቻ ነው ያላት። 99,999 ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ስንቴ እንደዞረ ማንም አይነግራችሁም። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ አልቆ ብረቱ ሲወጣ ግን አንድ ጊዜ ብቻ እንዳልሆነ ይገመታል።

ክላክሱ በግራ ፓራፋንጎ ሥር ነው። ቦሽ፣ 12 ቮልት፣ 9 67። አይሠራም፤ ግን የራሷ ይመስላል። የፊት መስታወቱ ተቀይሯል፤ አምራቹ ጀርመናዊ እንኳ አይደለም። ማንም አይገርመውም። አንዱ የኋላ መብራት ሽፋን ብራዚል የተሠራ እንደሆነ ራሱ ጽፏል፤ በቮልስዋገን ፋብሪካ ከተማ፣ ጀርመን ቮልፍስቡርግ፣ ለተሠራች መኪና ያ ከቀንም በላይ ግልጽ ነው። ጣራዋ የማይከፈተው ቢትል በጀርመን መመረት ያቆመችው በ1978 ነው፤ ሜክሲኮ ውስጥ ግን እስከ ጁላይ 30 ቀን 2003 ተሠርታለች። ስለዚህ የቮልስ ዕቃ አዲስም ሆኖ ሊመጣ ይችላል። አዲስ መሆኑ ነውር የለውም። «ኦርጅናል» ተብሎ ሲከፈልበት ነው ጣጣው።

እዚህ ላይ ከቀን ጋር የሚምታቱ ቁጥሮችን ላንሳ፤ የደላላው ግማሽ ክርክር በነሱ ላይ ነበርና። ብሎን ራስ ላይ ያለው 8.8 ኦገስት 88 አይደለም። የብረቱ ጥንካሬ ደረጃ ነው። 10.9ም እንደዚያው። ቸርኬው ላይ ያለው 15 የኢንች ልክ ነው። መብራት መስታወት ላይ ከሞገድ ምልክት ጋር የሚጻፈው ረጅም ቁጥር የጀርመን የፈቃድ ቁጥር ነው። በ111 ወይም በ113 የሚጀምር ረጅም ቁጥር ካያችሁ የዕቃው ካታሎግ ቁጥር ነው። ቀጥለው ያሉት ሦስት አሃዞች የዕቃውን ቤተሰብ ይናገራሉ፤ በ6 ሲጀምሩ ጎማና ፍሬን፣ በ8 ሲጀምሩ ቦዲ፣ በ9 ሲጀምሩ ኤሌክትሪክ። ጠቃሚ ነው፤ ቀን ግን አይደለም። አሁን የምትነዱት መኪና ጎማ ላይ ያለው ባለ አራት አሃዝ ግን ቀን ነው። 2314 ካለ የ2014 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት። ከ2000 ወዲህ ለተሠራ ጎማ ሁሉ ይሠራል። ዛሬውኑ እዩት።

አሁን ሞተሩ። ዋናው ዕቃ እሱ ስለሆነ ለመጨረሻ ተውኩት።

የቢትል ሞተር ቁጥር ዲናሞው ከተቀመጠበት እግር ሥር፣ ሞተሩ ብሎክ ላይ ነው የሚመታው። ፊደል ይቀድመዋል፤ ፊደሉ የሞተሩን ዓይነት ይናገራል። ዲ ከሆነ 1200፣ 34 የፈረስ ጉልበት። ኤፍ ከሆነ 1300፣ 40። ኤች ከሆነ 1500፣ 44። ይህች የ1300 መኪና ናት። ሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥርም በኤፍ ይጀምራል። በጨርቅና በነጭ ጋዝ ዘይቱን ስጠርገው ግን ብሎኩ ላይ የወጣው ኤቢ ነው።

ኤቢ ሞተር የመጣው በኦገስት 1970 ነው። እሱም 1300 ነው፤ ጉልበቱ ግን 44። በዕድሜ ከመኪናዋ ሦስት ዓመት ያህል ያንሳል። ቁጥሩ ባይነበብ እንኳ ይታወቅ ነበር። ከካርቡራቶሩ የሚመጣው ቧንቧ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ ሲደርስ በእያንዳንዱ ጎን ለሁለት ተከፍሎ ይገባል። የኤፍ ሞተር በየጎኑ አንድ መግቢያ ብቻ ነው ያለው። ካርቡራቶሩም ሶሌክስ 31 ነው፤ የኤፍ ሞተር የሚመጣው በ30 ነበር።

ይህ የሰብሳቢ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ስም ሲዞር የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይመሳከራል። ገዢው ሳያይ ገንዘቡን ከፍሎ ቢሆን ኖሮ መኪናዋን ይዞ እዚያው ይቆም ነበር።

ለእናትየው መንገር ከበደኝ። ሰው ዋሸ እንዳይመስላቸው ፈራሁ። «እትዬ፣ ሞተሯ ወርዶ ያውቃል?» አልኳቸው።

«አንዴ ወርዷል። ግን አልተቀየረም፣ ታድሶ ነው የተመለሰው። እሱ ራሱ ነው የነገረኝ።»

ከአጠገባችን የነበሩት መካኒክ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቮልስ ላይ ያረጁ ሰው ናቸው። «በዚያ ጊዜ ዕቃ አይገኝም ነበር። ብሎኩ ከሞተ ከተጋጨ መኪና ሌላ ይመጣና ተጠርጎ ይገባል። ‹አድሰንልሃል› ነው የሚባለው። ሰውዬው ምን ያውቃሉ? ሞተሩ ከሠራ ሠራ ነው» አሉ። በኔ ግምትም የሆነው ይሄ ነው። ሟች የተነገራቸውን ለሚስታቸው ነገሩ፤ ሚስት ለደላላው፤ ደላላው ለዓለም።

ገዢው ማረጋገጫ ስለፈለገ ወደ ቮልፍስቡርግ ጻፈ። እዚያ ያለው የቮልስዋገን የመኪና ሙዚየም ፋውንዴሽን የሻንሲ ቁጥር ተልኮለት፣ ተከፍሎት፣ ከፋብሪካው መዝገብ የልደት ሰርተፍኬት ይሰጣል። መጣለት። ኦክቶበር 1967 ይላል። ቀለም፣ ሎተስ ነጭ። አሁን ሰማያዊ ናት፤ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ስገባ ያየሁት ነጭ ቀለም ለካ የመጀመሪያዋ ነው። መድረሻ፣ ኢትዮጵያ። ገዢው ከዓመቱ ይልቅ በዚህች የመጨረሻ መስመር ነው የተደሰተው። ሰርተፍኬቱ ግን ዛሬ ከኋላው ኮፈን ሥር ስላለው ሞተር ምንም አይልም፤ ሊልም አይችልም። ፋብሪካው የሚያውቀው የላከውን ነው። ብዙ ሻጭ ይህን ወረቀት አሳይቶ «ይኸው ኦርጅናል» ይላል። ብረቱ ሳይታይ ወረቀቱ ግማሽ ነው።

ዋጋው ወረደ። ደላላው ተቃወመ፤ እናትየው አልተቃወሙም። «ያልሆነውን አልሸጥም» ብለው ጨረሱት። የሞተር ለውጡ ስም ከመዞሩ በፊት በሳቸው በኩል እንዲመዘገብ ተስማሙ። ሞተሩ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ማስረጃ ማሰባሰቡ መኪናዋን ከመመርመር ይልቅ ብዙ አለፋ።

ገዢው ወዲያው «ኤፍ ሞተር ፈልግልኝ» አለኝ። መካኒኩ ጋር በስልክ አገናኘኋቸው። «ልጄ፣ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአምስት አንድ ይቀላል። ያኔም 40 ፈረስ ነበር፤ እዚህ 40 አይደለም። ይሄኛው ባለ 44 ነው፤ ጤነኛም ነው። አውጥተህ የሞተ ኤፍ ልታስገባ ነው?» አሉት። ገዢው ትንሽ አሰበና ተወው። ኤፍ ብሎክ ሲገኝ ገዝቶ ለብቻው ያስቀምጣል፤ ኤቢው ይሠራል።

አንድ ነገር ግን ለመነ። ተቀያሪው ቸርኬ ከዘጠኝ ስድሳ ሰባቶቹ አንዱ ነው፤ መሬት ነክቶ የማያውቅ ይመስላል። እሱ ወርዶ የቀኝ የኋላው ሆነ። የ72ቱ ክሮንፕሪንዝ የፊቱ ኮፈን ሥር ገባ።